እሬቷ ቤቷ ሲጠባት

የቤትና የጓሮ ምክር

ባለፈው ሳምንት ስለ ጎመን ችግኝ ተነጋግረን ነበር። የዛሬው ጨዋታችን ስለ እሬት ነው።

እሬትን የማያውቅ የለም። መራራ ነገር ስንቀምስ «እሬት እሬት አለኝ» እንላለን። እናቶች ጡት ሊያስጥሉ ሲፈልጉ እሬት ይቀቡ ነበር። በአገራችን ብዙ ዓይነት እሬት አለ። የእጽዋት ሊቃውንት አንዱን ዓይነት በደብረ ብርሃን ስም «አሎ ደብራና» ብለውታል። እሬት በድንጋያማ ተረተር ላይ ይበቅላል። በጣሳ ተክሎ በደጃፉ የሚያሳድገውም ሰው ብዙ ነው።

እናቴም አንዲት እሬት ነበረቻት። ከትውልድ መንደሯ ስትወጣ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ያመጣቻት ናት። ከዚያ ቤት የቀረቻት ነገር እሷ ብቻ ነበረች። በዘይት ጣሳ ተክላ መስኮት ስር አኖረቻት። እሬቷ ዓመት ካመት አደገች። ከሥሯም ልጆች በቀሉ። ጣሳው ጠበባት።

አንድ ክረምት ቅጠሏ ቢጫ ሆነ። «ውሃ ጠምቷት ነው» አልን። እናቴ ጠዋት አጠጣቻት። እኔ ማታ አጠጣኋት። እህቴም ማንም ያላጠጣት መስሏት ደገመች። ምን ሆነ መሰላችሁ? በሳምንቱ ቅጠሏን ስነካው እንደ ተቀቀለ ድንች ተልፈሰፈሰ። ከጣሳው ስናወጣት ሥሯ ጠቁሯል፤ ይሸታል። ለካ ጣሳው ከሥር ቀዳዳ የለውም! ውሃው መውጫ አጥቶ ተኝቶባታል።

እናቴ ምንም አልተናገረችም። ቁጭ ብላ ሥሩን አንድ በአንድ አየች። ከልጆቹ መካከል አንዷ ብቻ ጠንካራ ሥር ነበራት። እሷን ለይታ በሌላ ዕቃ ተከለቻት። ዛሬ ደጃፋችን ላይ ያሉት ሁሉ የዚያች ዘር ናቸው።

ብዙ ውሃ ለምን ይጎዳታል?

እሬት ውሃን በወፍራም ቅጠሏ ታጠራቅማለች። ቅጠሏ ጎተራዋ ነው። በቅጠሏ ላይ ዓይን የማያያቸው ቀዳዳዎች አሉ። ቀን ፀሐይ ሲበረታ ትዘጋቸዋለች። ሌሊት ሲቀዘቅዝ ትከፍታቸዋለች። ስለዚህ ውሃዋ ቶሎ አያልቅም። ሥሯ ግን አየር ይፈልጋል። አፈሩ ሁልጊዜ እርጥብ ከሆነ ሥሩ ይታፈናል፤ ይበሰብሳል።

እንዴት እናዛውራት?

1. ከአሮጌው ዕቃ 2 ጣት ያህል ሰፋ ያለ ዕቃ ፈልጉ። በጣም ከሰፋ ብዙ አፈር ብዙ ውሃ ይይዛል። አፉ የተሸረፈ ማሰሮ ከጣሳ ይሻላል፤ ሸክላ እርጥበቱን ያስወጣል። የተባይ መድኃኒት የነበረበትን ጣሳ ግን አትጠቀሙ። ቢታጠብም መርዙ ሊቀር ይችላል።

2. ጣሳ ከሆነ ከሥሩ 3 ወይም 4 ቦታ በምስማር ብሱት። ማሰሮ ከሆነ እንዳይሰነጠቅ ቀስ ብላችሁ ፈልፍሉት። በቀዳዳው ላይ ገል አድርጉ። ውሃው ይወጣል፤ አፈሩ ይቀራል።

3. አንድ እጅ አፈርና አንድ እጅ የወንዝ አሸዋ ቀላቅሉ። መረሬ አፈር ውሃ ስለሚይዝ አይሆንም። ትኩስ ፍግም አትጨምሩ።

4. አሮጌውን ዕቃ አዘንብላችሁ ጎኑን መታ መታ አድርጉ። ቅጠሏን ይዛችሁ አትጎትቱ። የበሰበሰ ሥር ካለ በንጹህ ቢላዋ ቁረጡ። ቁስሉ እስኪደርቅ 2 ወይም 3 ቀን ጥላ ውስጥ አኑሯት።

5. ቀድሞ በነበረችበት ጥልቀት ትከሏት። ቅጠሏ አፈር ውስጥ አይግባ። 7 ቀን ውሃ አታጠጧት። ጠንካራ ፀሐይም አይምታት።

6. ከ7 ቀን በኋላ ውሃው በቀዳዳው እስኪወጣ አጠጧት። ከዚያ ወዲያ ጣታችሁን አፈሩ ውስጥ አስገቡ። ውስጡ እርጥብ ከሆነ ተዉት፤ ከደረቀ አጠጡ። በበጋ በ2 ወይም በ3 ሳምንት አንዴ ይበቃታል። በክረምት ዝናብ እንዳይመታት ከጣሪያ ክፈፍ ስር አኑሯት። በደጋ ውርጭ ሲጥል ሌሊት ቤት አስገቧት።

እሬት የሌላችሁ ከጎረቤት አንዲት ልጅ ለምኑ። ከተረተር ላይ እናቲቱን አትንቀሉ። ቅጠሉ ሲቆረጥ የሚወጣው ቢጫ ፈሳሽ ሆድ በኃይል ያስቀምጣል። ልጆችና ነፍሰ ጡሮች እንዳይጠጡት ተጠንቀቁ።

አንድ ነገር ልጨምር። ያን ጊዜ ማን እንዳጠጣ የሚያስታውስ አልነበረም። እናቴ ፊደል የቆጠረችው ካረጀች በኋላ ነው። አሁን በማሰሮው ጎን ላይ በከሰል ትጽፋለች። «ጥቅምት 12 ተዛወረች። ጥቅምት 19 ጠጣች» ይላል። ከቤታችን ሰው ያንን ሳያነብ ውሃ የሚያነሳ የለም። እናንተም ጻፉበት።

አንብባችሁ ተወያዩ

እሬቷ ለምን በሰበሰች?
ገሉ ምን ይሠራል?
በቤታችሁ ቀኑ ቢጻፍ የሚጠቅም ሌላ ምን ሥራ አለ?

በሉ እንግዲህ፣ ለሳምንት ሰው ይበለን። ደህና ሰንብቱ።