ጓያ በጎተራው ያለ ሰው ጠገበ ይባላልን?

በአውሮፓና በአሜሪካ መልቲፕል ስክለሮሲስ የተባለውን የነርቭ በሽታ ምግብ ያብሰው ወይም ያቀልለው እንደ ሆነ ሐኪሞች ከሰባ ዓመት በላይ ተከራክረዋል፤ ክርክሩም አላለቀም። በአገራችን ግን ከምግብ የሚመጣ፣ መንስኤውም ተለይቶ የታወቀ ሌላ የነርቭ በሽታ አለ። እርሱም ጓያ የሚያመጣው ሽባነት ነው። ስለዚህኛው በግቢያችን ሲነገር አንሰማምና ጥቂት ልንል እንወዳለን።

ጓያ ክረምት ሲወጣ በዋልካ መሬት ላይ በቀረው እርጥበት ይዘራል። ዝናብ ቢታጣም፣ ውኃ ቢተኛበትም ይበቅላል፤ ፕሮቲኑም ብዙ ነው። ገበሬው የሚዘራው ጉዳቱን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። ሌላው ሰብል ሲከዳው የማይከዳው እርሱ ስለ ሆነ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1964 ሕንዳውያን ተመራማሪዎች ከፍሬው ውስጥ ኦዳፕ የሚባለውን አሚኖ አሲድ ለይተው አወጡ። ይህ ነገር ነርቮች እርስ በርስ የሚነጋገሩበትን ግሉታሜትን ስለሚመስል፣ እግርን የሚያዙትን የነርቭ ሕዋሳት ከልክ በላይ እያነሣሣ ያጠፋቸዋል። ጓያ ከሌላ ምግብ ጋር በመጠኑ ሲበላ አብዛኛውን ሰው አይጎዳም። ለሁለትና ለሦስት ወር ዋና ቀለብ ሲሆን ግን አደጋ ነው። የበሽታው ክብደት የሚለካው በዱላ ነው፤ አንዱ ያለ ዱላ እየተንገዳገደ ይሄዳል፣ ሌላው በአንድ ዱላ፣ ሌላው በሁለት፣ የባሰበትም ይድሃል። አእምሮው ደህና ነው፤ እጁም አብዛኛውን ጊዜ ደህና ነው። እግሩ ግን አይመለስም። ከሴቶች ይልቅ ወንዶችን፣ ይልቁንም ጎረምሶችን ይመታል።

እ.ኤ.አ. በ1942 እና 43 በቫፕኒያርካ እስር ቤት የታሰሩ አይሁድ ጓያ እየተቀለቡ ብዙዎቹ ሽባ ሲሆኑ፣ አብሯቸው የታሰረው ሐኪም አርተር ኬስለር መንስኤውን ለይቶ ነበር። በእኛም አገር እ.ኤ.አ. በ1976 እና 77 በደምቢያና በፎገራ፣ በ1990ዎቹም ከድርቅ በኋላ በወሎ በደላንታ በሽታው በወረርሽኝ መልክ ታይቷል። ታዲያ የሚታወቅ ነገር ለምን ይደጋገማል?

«ጓያ አትብሉ» የሚለው ምክር ጤፍ ካለው ሰው አፍ የሚወጣ ምክር ነው። በደላንታ የተደረገው ጥናት ከዚህ የተሻለ ነገር አስተምሮናል። ጓያውን ንፍሮና እሸት አድርጎ መብላት አደጋውን ያበዛል፤ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል በገባበት ወጥ ሲበላ፣ ከእህልም ጋር ሲደባለቅ አደጋው ይቀንሳል። እህሉ ድኝ ያለባቸውን አሚኖ አሲዶች ይጨምራል፤ ቅመሙም ሕዋሳቱ እንዳይቃጠሉ ይረዳል። ዘፍዝፎ ውኃውን መድፋትም ከመርዙ ከፊሉን ያወጣል።

መልካም ነው። ነገር ግን በድርቅ ዓመት ውኃውን በእንስራ ከሩቅ የምታመጣ እናት ዘፍዝፋ ትድፋው ማለት ቀላል ነውን? ሽንኩርቱስ ከየት ይመጣል? እረኛው ልጅ በማሳ መካከል ሲርበው እሸቱን ይሸመጥጣል እንጂ ወጥ አያሠራም። ምክሩ እውነት ሆኖ ሳለ የሚረዳው ከችግሩ አስቀድሞ እህል ሲደርስ ብቻ ነው።

ትልቁ ስሕተት ያለው ከዚህ ላይ ይመስለናል። እርዳታ የሚታሰበው ጎተራ ሲራቆት ነው፤ በጎተራው ጓያ ያለው ቤተሰብ ግን ቀለብ አለው ተብሎ ይታለፋል። እኛ የምንለው ተቃራኒውን ነው። ጤፉና ገብሱ ጠፍቶ ጓያው ብቻውን የቆመበት ወረዳ የመጀመሪያው የአደጋ ምልክት ተደርጎ ይቆጠር። ጓያው ይቅር አንልም፤ የሚደባለቅበት እህል ታጭዶ ሳይበላ ይድረስ። ጥቂት እህል በጊዜው ቢሰጥ በኋላ ከሚታደለው ምርኩዝ ሁሉ ይበልጣል። ምርኩዝ የሚያድልም ቢገኝ ነው።

መርዙ ያነሰበት ዘር ማውጣት የእርሻ ባለሙያዎች ሥራ ነው፤ ደግሞም ተጀምሯል። ሆኖም ንቦች ከጎረቤት ማሳ ስለሚያዳቅሉት፣ የአፈሩና የድርቁም ሁኔታ መርዙን ከፍ ስለሚያደርገው፣ ዘሩን ብቻ ተማምነን እንድንቀመጥ አንመክርም።

ክቡራን መምህራኖቻችን የሕክምናውና የእርሻው ክፍል በዚህ ጉዳይ አብረው እንዲያስተምሩ እንጠይቃለን። ለዕረፍት ወደየአገራችሁ የምትሄዱ ጓደኞቻችንም በማሳው ላይ ምን እንደ ቆመ፣ ከጓያው ጋር ምን እንደሚበላ ጠይቁና የወረዳውን ስም ጽፋችሁ ለማኅበሩ አምጡልን። ዝርዝሩን አሰባስበን ለሚመለከተው ክፍል እናቀርባለን።