የአፈሙዙ ብረትና የዳሱ ጆሮ

ከመርሳ ወደ ወልድያ በሚወስደው አስፋልት ሲሪንቃ ላይ ወርዶ ወደ ገጠር ቀበሌዎቹ የዘለቀ እንግዳ፣ ወቅቱ የሠርግ ከሆነ፣ ሙሽራው መድረሱን የሚያውቀው በዓይኑ ሳይሆን በጆሮው ነው። መጀመሪያ እልልታው፣ ቀጥሎ ከበሮው፣ ከዚያ ተኩሱ። ተኳሹ ብዙውን ጊዜ ራቅ ብሎ ሜዳ ላይ አይቆምም። ክብሩ እንዲታይለት ከዳሱ ደጃፍ ላይ፣ እልል ከሚሉት ሴቶች አጠገብ ቆሞ አፈሙዙን ወደ ሰማይ ያቀናና ቃታውን ይስባል። ሕፃናቱ ገና ትኩስ የሆነውን ቀለህ ለመልቀም በእግሩ ሥር ይሻማሉ። በለቅሶም እንደዚያው ነው፤ ሟቹ የተከበረ ከሆነ ሙሾው በጥይት ይታጀባል።

ማዕዱ ከተነሣ በኋላ ደግሞ ወንዶቹ ወደ ክላሻቸው ወሬ ይገባሉ። ሰደፉ ታጣፊ ነው ወይስ ቋሚ? ማንገቻው ከየት መጣ? አፈሙዙ ጫፍ ላይ ያለችው ብረትስ የራሱ ናት ወይስ ተቀይራለች? ሰያፏ ትሻላለች የሚል አለ፤ ቀዳዳ ያላትን ረጅሟን የሚመኝ አለ፤ ተነቅላ ባዶውን ቢቀር ያምርበታል የሚልም አይጠፋም። በዚህ ሁሉ ክርክር ውስጥ ስለ አንድ ነገር የሚያነሣ ሰው የለም፤ ስለ ጆሮ።

ስለ ብረቷ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1949 የሶቪየት ጦር የተቀበለው ክላሽንኮቭ አፈሙዙ ላይ ከአንዲት ተራ ዳዶ በቀር ምንም አልነበረውም። የዳዶዋም ሥራ የብሎኑን ጥርስ ከግጭት መጠበቅ ብቻ ነበር። ከ10 ዓመት በኋላ፣ በ1959፣ ክብደቱ ቀለል ብሎ የተሠራው ኤኬኤም ሲመጣ፣ በማጭድ እንደተቆረጠ ሸንበቆ ሰያፍ ሆና የተላጨችው ብረት ተከተለች። ክላሽ በተከታታይ ሲተኮስ አፈሙዙ ወደ ላይና ወደ ቀኝ ይሸሻል። ሰያፏ ብረት የሚወጣውን ጋዝ ተደግፋ ወደ ታችና ወደ ግራ ትመልሰዋለች። ሥራዋ ይኸው ነው። የተሠራችው በእሩምታ ለሚተኩስ ወታደር ነው፤ ለሙሽራ ክብር ወደ ሰማይ ሁለት ጥይት ለሚለቅ ሰው ምንም አትፈይድለትም።

መንቀሉና መቀየሩ ደግሞ ከውጭ እንደሚታየው ቀላል አይደለም። ጥርሷ የግራ ነው፤ ማለትም ሌላው ብሎን በሚፈታበት አቅጣጫ እሷ ትጠብቃለች። ዕድሜውን ከዳዶና ከብሎን ጋር የፈጀ መካኒክ እንኳ መጀመሪያ ላይ ይሳሳታል። በጉልበት ሲታገሏት ጥርሱ ይበላል። ጥርሱ ከተበላ በኋላ ደግሞ ማንኛዋም ብረት ቀጥ ብላ አትገባም። ጥይቱ ከአፈሙዙ ሲወጣ በሴኮንድ 715 ሜትር ያህል ይሮጣል፤ መውጫው ላይ የተጣመመች ወይም ቀዳዳዋ የጠበበች ብረት ከገጠመው ይመታታል። ያን ጊዜ የብረቱ ስባሪ ወዴት እንደሚበር የሚያውቅ የለም። አቧራ እንዳይገባ ተብሎ አፈሙዙ ውስጥ የሚወተፈው ጨርቅም ያው ነው፤ ተረስቶ ከተተኮሰ ቱቦው ሊያብጥ፣ ሲብስም ሊፈነዳ ይችላል።

ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ግን ማንም ያልጠረጠረው ነው። አፈሙዝ ላይ የሚገቡ ብረቶች ሥራቸው አንድ አይደለም። አንዳንዱ በሌሊት ነበልባሉ የተኳሹን ዓይን እንዳያጭበረብር ይበታትነዋል። አንዳንዱ፣ በተለይ ጎንና ጎኑ ትልልቅ ቀዳዳ ያለው፣ የመሣሪያውን ምት ይቀንሳል፤ ትከሻ እንዳይጎዳ ጋዙን ወደ ጎን ይተፋዋል። ወደ ጎን ከተተፋው ጋዝ ጋር ድምፁም ወደ ጎን ይሄዳል። ለተኳሹ ትከሻ የተመቸው ብረት ከጎኑ የቆመችውን ሴትና ከእግሩ ሥር የተንበረከከውን ሕፃን ይበልጥ ያደነቁራል ማለት ነው። በዳሱ ደጃፍ ላይ ዋጋውን የሚከፍለው ያልተኮሰው ሰው ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ለእንደዚህ ያለ ድንገተኛ ድምፅ ያስቀመጠው ጣሪያ ለአዋቂ 140፣ ለሕፃን 120 ዴሲቤል ነው። የጠመንጃ ተኩስ በቅርብ ሲለካ ከ150 ያልፋል። ዴሲቤል ደግሞ እንደ ኪሎ በተራ ቁጥር አይቆጠርም፤ 10 በጨመረ ቁጥር የድምፁ ኃይል 10 እጥፍ ያድጋል። ስለዚህ በ120ና በ150 መካከል ያለው ልዩነት 1,000 እጥፍ ነው። በውስጠኛው ጆሮ ውስጥ ድምፅን የሚቀበሉት ፀጉር መሰል ሕዋሳት አንዴ ከሞቱ ዳግም አይበቅሉም። ሰው «ጆሮዬ ይጮኻል» ይላል፤ ሲነጋ ይተወኛል ብሎም ይተኛል። ሲነጋ ጩኸቱ ሊተወው ይችላል፤ የሞተው ሕዋስ ግን እንደሞተ ይቀራል። የገጠር ጤና ኬላ ጆሮ የሚለካ መሣሪያ ስለሌለው ጉዳቱ የትም አይመዘገብም። ልጁ ትምህርት ቤት ገብቶ መምህሩን አልሰማ ሲል «ሰነፍ ነው» ይባላል።

ስለ ጆሮ ሲነሣ የማክሲም ቤተሰብ ታሪክ ይታወሳል። ሂራም ማክሲም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1880ዎቹ በስሙ የሚጠራውን መትረየስ ፈለሰፈ። ዕድሜው ሲገፋ ከዓመታት ተኩስ የተነሣ ጆሮው ደነቆረ። ልጁ ሂራም ፐርሲ ማክሲም ደግሞ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ የጠመንጃን ድምፅ የሚያፍን መሣሪያ ሠርቶ ለገበያ አቀረበ። አባት ሲያስጮኽ ልጅ ሊያስታግስ ተነሣ። ይህን ጠቅሶ ሲሪንቃ ባለችበት በሐብሩ ወረዳ ድምፅ አፋኝ ይግባ የሚል ግን ተሳስቷል፤ ከየት እንደተተኮሰ የማይታወቅ ጥይት ለማንም አይበጅም።

የአካባቢው ሰው መሣሪያውን መውደዱ አያስነቅፈውም። አገሩ የጠመንጃ ታሪክ ያለበት ነው። ከሲሪንቃ ወደ ደቡብ መርሳንና ውርጌሳን አልፎ ውጫሌ ይገኛል፤ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. አፄ ምኒልክና ጣሊያን ውል የተፈራረሙበት። ሁሉም የሚያስታውሰው 17ኛውን አንቀጽ ነው፤ 6ኛው ግን የጦር መሣሪያ በምፅዋ በኩል ለንጉሡ ስለሚያልፍበት ሁኔታ የሚናገር ነበር። ውጅግራ የሚባለው የድሮ ጠመንጃ ስሙን «ግራ» ከተባለው የፈረንሳይ ጠመንጃ ወርሶ አማርኛ ሆኖ ቀርቷል። ውጅግራ በአንድ ጊዜ የሚጎርሰው አንድ ጥይት ነበር፤ ጥይቱም በቀላሉ የሚገኝ አልነበረም። አያት በሠርግ ላይ አንዴ ሲተኩስ የቆጠበውን ሰጠ ማለት ነው። የልጅ ልጁ የያዘው ባለ 30 ጥይት ካርታ ነው። ወጉ አንድ ቢሆንም ጩኸቱ አንድ አይደለም።

ሌላም ነገር ተለውጧል። ወልድያና መርሳ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ድረስ ጦርነት ያለፈባቸው ናቸው፤ ከዚያም ወዲህ የተኩስ ድምፅ ከአካባቢው ፈጽሞ አልራቀም። ዛሬ አንድ ክላሽ ሲጮኽ የሰማች እናት ሠርግ ይሁን ውጊያ በምን ትለያለች? ልጇን አቅፋ ወደ ጓዳ ትሮጣለች፤ እልልታው የሚሰማት ቆይቶ ነው። ለሙሽራው ክብር የተተኮሰው ጥይት በጎረቤት ቤት ሽብር ሆኖ ያርፋል። ጥይቱ ራሱም ሰማይ ላይ አይቀርም። ቀጥ ብሎ የተተኮሰው ሲመለስ የራስ ቅል ለመስበር የሚበቃ ፍጥነት አለው፤ አግድም የተተኮሰው ደግሞ ይብሳል።

አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ስለ ፈቃድና ስለ ምዝገባ ይደነግጋል፤ አስተዳደሮችም በየጊዜው የደስታና የሐዘን ተኩስ ይከለክላሉ። ክልከላው ግን ዳሱ ዘንድ ደርሶ አያውቅም፤ ቢደርስም የሙሽራውን አጎት ደፍሮ የሚከስስ ጎረቤት አይገኝም። ወሎ ውስጥ ዳሱ ድረስ የሚዘልቅ ቃል ያለው ቅሬ ነው። ከለቅሶ የቀረውን የሚቀጣ፣ ድንኳኑንና ድስቱን የሚያውስ፣ ሙስሊሙንና ክርስቲያኑን አንድ መቃብር አፋፍ ላይ የሚያቆም እሱ ነው። ቅሬው በደንቡ ላይ አንድ መስመር ቢጨምር፣ «በዳስና በለቅሶ ቦታ የተኮሰ ይህን ያህል ይከፍላል» ቢል፣ ያ መስመር ከወረዳ ከሚመጣ ደብዳቤ ይልቅ ይሰማል። ይህ ክብራችንን ይነካል የሚሉ አይጠፉም፤ ሲያዩት የኖሩት ነውና። ለእነሱ የሚሆነው መልስ ዳሱ ጥግ፣ ትራስ ተደግፈው ከተቀመጡት ሽማግሌ ዘንድ አለ። በጎልማሳነታቸው በአገሩ ሠርግ ሁሉ የሚተኩሱት እሳቸው ነበሩ። አሁን ምርቃቱ ሲወርድ «አሜን» የሚሉት ሌላው ካለ በኋላ ነው፤ መዳፋቸውን ከጆሯቸው ጀርባ አድርገው የሰዉን ከንፈር እያዩ።