ዲቴክተሩን ከመምረጥ በፊት መሬቱን

ባለፉት ወራት አንድ ጥያቄ ከሦስት ሰዎች ደርሶኛል። አንዱ ሐኪም ነው፣ አንዷ የባንክ ባለሙያ ናት፣ ሦስተኛው ለንደን የሚኖር የአክስቴ ልጅ ነው። ኤሌክትሮኒክስ መማሬን ስለሚያውቁ ሦስቱም የጠየቁኝ፣ “ለጀማሪ የሚሆነው ሜታል ዲቴክተር የትኛው ነው?” ብለው ነው። ለትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ መሆኑንም ነግረውኛል። ሆኖም ወሬው ብዙም ሳይገፋ ሦስቱም ዘንድ “ወርቅ” የሚለው ቃል መጣ።

ለምን እንደመጣ ማወቅ አይከብድም። በመስከረም 2018 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ የአንድ አውንስ ወርቅ ዋጋ በታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ ከ4,000 ዶላር በላይ ሆኗል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን በመደረጉ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ መቶን ተሻግሯል። ስለዚህ ወርቅ በዶላርም በብርም ተወድዷል። ደመወዙ በዚያ ልክ ያላደገለት የከተማ ባለሙያ ቅዳሜና እሁድ መሬት እየፈተሸ መዋልን ቢመኝ አይፈረድበትም። ጥያቄው ግን የመሣሪያ ጥያቄ ብቻ ተደርጎ መቅረቡ ያሳስበኛል። የትኛው ዲቴክተር ይሻላል ለሚለው መልስ የሚሰጠው የትኛው መሬት ላይ፣ በማን ፈቃድ የሚለው ነውና።

ለማንኛውም ከመሣሪያው እንጀምር። ዲቴክተር ከታች ባለው ክብ ኮይል አማካይነት ተለዋዋጭ መግነጢሳዊ መስክ ወደ መሬት ይልካል። ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ነገር ካጋጠመው በዚያ ነገር ውስጥ ደካማ ጅረት ይፈጠራል፤ ጅረቱ ደግሞ የራሱን መስክ መልሶ ይልካል። ማሽኑ ያንን መልስ ወደ ድምፅ ይለውጠዋል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ስልክን የፈለሰፈው አሌክሳንደር ግርሃም ቤል እ.ኤ.አ. በ1881 በጥይት የተመቱትን የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጄምስ ጋርፊልድን ሰውነት በዚሁ መርህ በሚሠራ መሣሪያ ፈትሾ ጥይቱን ሳያገኘው ቀርቷል። አንዱ ምክንያት ሕመምተኛው የተኙበት ፍራሽ የብረት ስፕሪንግ ያለው መሆኑ እንደነበር ይነገራል። ዛሬም ጀማሪን የሚያስቸግረው ይኸው ነው፤ ማሽኑ የተፈለገውን ዕቃ ብቻ ሳይሆን በዙሪያው ያለውን ሁሉ ይሰማል።

በገበያ ላይ ያሉት መሣሪያዎች በጥቅሉ ከሁለት ወገን ናቸው። አንደኛው ወገን ቪ.ኤል.ኤፍ. የሚባለው ሲሆን አብዛኛው የጀማሪ ዲቴክተር ከዚህ ይመደባል። ቀላል ነው፣ ባትሪው ይቆያል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሚስማርን ከሳንቲም ለመለየት ይሞክራል። እዚህ ላይ ፍሪኩዌንሲው ወሳኝ ነው። ከ6 እስከ 12 ኪሎኸርዝ የሚሠራው ለሳንቲምና ለጌጣጌጥ ይስማማል። ጥቃቅን የወርቅ ፍሬ የሚፈልግ ሰው ግን ከፍ ያለ ፍሪኩዌንሲ ያስፈልገዋል፤ ለምሳሌ የማይንላብ “ጎልድ ሞንስተር 1000” በ45 ኪሎኸርዝ፣ የፊሸር “ጎልድ በግ 2” ደግሞ በ71 ኪሎኸርዝ ይሠራሉ። ሁለተኛው ወገን ፐልስ ኢንዳክሽን ነው። በማዕድን የበለፀገ አፈር ብዙም አያስቸግረውም፣ ጠለቅ ብሎም ይሰማል፤ ነገር ግን ብረቱን ከወርቁ በመለየት ረገድ ደካማ ነው። ስለዚህ ለሰማው ሁሉ መቆፈር ግድ ይሆናል።

የዋጋው ልዩነት የሰማይና የምድር ያህል ነው። ለጀማሪ የሚበቃ ቪ.ኤል.ኤፍ. ከ200 እስከ 400 ዶላር ባለው ይገኛል። የቱርኩ ኖክታ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው “ሲምፕሌክስ” ውኃ የማይገባው መሣሪያን በዚህ የዋጋ ክልል ውስጥ በማቅረቡ ብዙ ጀማሪ የሚመርጠው ሆኗል። የጋሬት “ኤስ” ተከታታይ ምርቶችም ለዓመታት የጀማሪ መማሪያ ሆነው ቆይተዋል። ለወርቅ ተብሎ የተሠራ ቪ.ኤል.ኤፍ. ወደ 1,000 ዶላር ይጠጋል፤ እንደ ማይንላብ “ጂፒኤክስ 6000” ያለው ከ5,000 እስከ 6,000 ዶላር ገደማ ይጠይቃል። በነገራችን ላይ በውድ ዋጋ የገዛ ጀማሪ ከርካሹ ገዢ የበለጠ ያገኛል ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2009 በእንግሊዝ ስታፎርድሺር የተገኘውንና ከ3 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ የተገመተውን የአንግሎ ሳክሰን ወርቅ ያወጣው ሰው የያዘው አሮጌ፣ ለዓመታት ያገለገለ ማሽን ነበር። የታረሰውን ማሳ እንዲፈትሽ ግን የገበሬውን ፈቃድ ይዟል።

አሁን ወደ እኛ አፈር እንምጣ። በቤኒሻንጉል ጉሙዝ፣ በጋምቤላ፣ በጉጂና በትግራይ ባህላዊ አምራቾች ወርቅ የሚያወጡባቸው አካባቢዎች አሉ። ከእነዚህ በብዙዎቹ አፈሩ ቀይና የብረት ማዕድን የበዛበት ነው። ርካሽ ቪ.ኤል.ኤፍ. በእንዲህ ያለ መሬት ላይ ያለማቋረጥ ይጮኻል፤ ዝም እንዲል ኃይሉ ሲቀነስ ደግሞ ትንሹን ወርቅ መስማት ያቆማል። ይባስ ብሎ መለያው ጥቃቅን ወርቅን እንደ ብረት ቆጥሮ ሊያልፈው ይችላል። በከተማ ዳርቻ የምንሞክር ከሆነ ችግሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ የወርቅ ቀለበት የሚሰጠው ምልክት ከሲጋራ ፓኮ ብልጭልጭ ወረቀት ምልክት ጋር ይቀራረባል። ቆርኪ፣ ሚስማርና የቆርቆሮ ቁራጭ ሳይቆፍር ቀለበት የሚያገኝ ሰው የለም። ስለዚህ የጀማሪ መሣሪያ ሲመረጥ የማየው ነገር ሁለት ነው፤ ማሽኑን ከአፈሩ ጋር በእጅ ማመጣጠን ይቻላል ወይ? ኮይሉስ በአነስተኛ ሊቀየር ይችላል ወይ? ሳጥኑ ላይ ስለ ጥልቀት የተጻፈው ቁጥር ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው። በጥሩ ቪ.ኤል.ኤፍ. ሳንቲም የሚያህል ነገር ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ላይ ቢሰማ ጥሩ ነው፤ የሩዝ ፍሬ የምታህል ወርቅ ግን ከጥቂት ሴንቲ ሜትር በላይ ከጠለቀች አትገኝም።

ይህንን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ከርቀት የወርቅን አቅጣጫ የሚያሳይ፣ ብዙ ሜትር ጠልቆ የሚያይ እየተባለ የሚሸጥ አንቴና ያለው መሣሪያ አለ። በእጅ ሲያዝ አንቴናው ይዞራል። እንዲህ ያለው ነገር ዲቴክተር አይደለም፤ የሚያዞረው የያዘው ሰው እጅ ነው። ጄምስ ማኮርሚክ የተባለው እንግሊዛዊ በዚሁ ዓይነት ብልሃት “ኤዲኢ 651” የተሰኘ መሣሪያ ቦምብ ይለያል ብሎ ለኢራቅ በሚሊዮኖች ዶላር ከሸጠ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2013 የ10 ዓመት እስራት ተፈርዶበታል። የመሣሪያው መነሻ ከ20 ዶላር በታች የሚሸጥ የጎልፍ ኳስ መፈለጊያ መጫወቻ ነበር። መንግሥትን ያህል ነገር ገንዘቡን ካፈሰሰበት፣ አንድ የደመወዝ ሠራተኛ በማሳያ ቪዲዮ ቢታለል አይገርምም።

ሁለተኛው ወጥመድ ተመሳስሎ የተሠራው ነው። የማይንላብ ባለቤት የሆነው የአውስትራሊያው ኮዳን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2011 አንድ ኃላፊው ቻይና ውስጥ በሆቴል ዋይፋይ በተጠቀመበት ወቅት የዲቴክተሮቹ ንድፍ ተሰርቆበታል። ከዚያም አስመስሎ የተሠራው ምርት የአፍሪካን ገበያ አጥለቀለቀው። እስከ ሰኔ 2014 (እ.ኤ.አ.) በነበረው የበጀት ዓመት የኩባንያው ትርፍ ከቀዳሚው ዓመት 45 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ወደ 9 ሚሊዮን ገደማ ወርዷል። የውጭ ኩባንያ ኪሳራ እኛን ምን አገባን የሚል አንባቢ ይኖራል። ይሁንና የኪሳራው ሌላ ገጽ ዋስትናም መለዋወጫም የሌለው ማሽን በውድ የገዛ አፍሪካዊ ቆፋሪ ነው። በእጅ ለእጅ ግዢ የመለያ ቁጥሩን አምራቹ ዘንድ ሳያጣሩ ገንዘብ መክፈል አይመከርም።

መሣሪያውስ ተገኘ እንበል። የት ይሠራበታል? የእኔ ዋና ጥያቄ እዚህ ላይ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። በማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678/2002 እና በማሻሻያዎቹ ከተዘረዘሩት የፈቃድ ዓይነቶች መካከል የምርመራ፣ የባህላዊ፣ የአነስተኛና የከፍተኛ ማዕድን ሥራ ፈቃዶች አሉ። የትርፍ ጊዜ ፈላጊ የሚባል ግን የለም። የባህላዊ ማዕድን ማምረት ፈቃድ የሚሰጠው ደግሞ ለኢትዮጵያውያን ነው። ስለሆነም ከውጭ አገር ዜግነት ጋር ማሽን ይዞ የሚመጣ ዘመዳችን “ለመዝናናት ነው” ቢልም ሕጉ የሚያውቀው መዝናናት የለም። ቅርስን በተመለከተም አዋጅ ቁጥር 209/1992 ያለ ፈቃድ ቅርስ ፍለጋ መሬት መቆፈርን ይከለክላል፤ በአጋጣሚ የተገኘ ቅርስም ሪፖርት እንዲደረግ ያዛል። በአክሱም አካባቢ ከዝናብ በኋላ የጥንት የነሐስ ሳንቲም ከማሳ ላይ መልቀም የተለመደ ነው። ሳንቲሙ ከየት ቦታ፣ ከምን ጋር እንደተገኘ ካልታወቀ ለታሪክ ተመራማሪ የሚሰጠው ጥቅም በእጅጉ ይቀንሳል። ዲቴክተር ይህንን ጉዳት ከልጆች ለቀማ ወደ ዘመቻ ሊያሸጋግረው ይችላል።

ከሕግ በላይ የሚያስፈራው ደግሞ አለ። ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም. የተካሄደው የድንበር ጦርነትና ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. የዘለቀው የሰሜኑ ጦርነት በትግራይ፣ በአማራና በአፋር መሬት ውስጥ ያልፈነዳ ጥይትና ቦምብ ትተዋል። ለጀማሪ ማሽን የመድፍ ጥይት ማለት ትልቅና ጥሩ ምልክት ማለት ነው። አንዳንድ ፈንጂ በአንጻሩ ብረቱ እጅግ ጥቂት ስለሆነ ድምፅ ሳይሰጥም ሊያልፍ ይችላል። ጦርነት ባለፈበት ቦታ የትርፍ ጊዜ ፍለጋ የሚባል ነገር ሊኖር አይገባም ብዬ አምናለሁ። ማሽኑ ምንም ያህል ቢወደድ ይህን አይለውጠውም።

ሌላው ዓለም ጉዳዩን እንዴት ይዞታል ለሚል፣ እንግሊዝን ማየት ይበጃል። እ.ኤ.አ. የ1996 የውድ ሀብት ሕግ ያገኘ ሰው እንዲያስታውቅ ያስገድዳል። ሙዚየም ሲገዛው ደግሞ ለአግኚውና ለመሬቱ ባለቤት ሽልማት ይከፈላል። ከ1997 ጀምሮ በፈቃደኝነት የሚመዘገበው የጥቃቅን ቅርሶች መዝገብ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ዕቃዎችን ይዟል። የሚደብቅ ሰው ግን ዋጋውን ያገኛል፤ በሄሬፎርድሺር እ.ኤ.አ. በ2015 ያገኙትን የቫይኪንግ ዘመን ሀብት ሳያስታውቁ ለመሸጥ የሞከሩ ሁለት ሰዎች በ2019 የ10 እና የ8 ዓመት ተኩል እስራት ተፈርዶባቸዋል። የአክስቴ ልጅ ስለዚህ ቀላል መልስ አለው፤ መጠነኛ ቪ.ኤል.ኤፍ. ገዝቶ፣ ክበብ ተቀላቅሎ፣ ከመሬት ባለቤት በጽሑፍ ፈቃድ ወስዶ መጀመር ይችላል። የቴምዝ ወንዝ ዳርቻ ግን የራሱ ፈቃድ እንዳለው አይርሳ። አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችንም በብሔራዊ ፓርኮች ውስጥ ለሥራ የተዘጋጀ ዲቴክተር ይዞ መገኘት ብቻውን እንደሚያስቀጣ ቢያውቁ መልካም ነው።

በወርቅ በኩል የአውስትራሊያዋ ቪክቶሪያ ትምህርት ትሰጣለች። እዚያ በጥቂት ዶላር ለ10 ዓመት የሚያገለግል “የማዕድን ቆፋሪ መብት” የሚባል ወረቀት ይገዛል፤ የተፈቀደው መሬት ተለይቶ ይታወቃል፤ ያገኘ ሰው ወርቁ የራሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 በዲቴክተር የተገኘው 27 ኪሎ ግራም የሚመዝነው የወርቅ አለት ከዚያው ግዛት ነው የወጣው። የእኛ ሁኔታ እንደነሱ አይደለም። ወርቅ ባለበት ወረዳ በገበቴ እያጠበ ቤተሰብ የሚያስተዳድር ሰው ባለበት፣ ከአዲስ አበባ መኪና አስነስቶ የሄደ ባለሙያ ማሽን ይዞ ቢደርስ ጨዋታ ነው ብሎ የሚቀበለው አይኖርም፤ ሊሆንም አይገባም። ያም ሆኖ ዝምታው ዲቴክተሩን አላስቀረውም። የተጠቃሚው ስም፣ የሚሠራበት ወረዳና የሚሸጥበት መንገድ የሚመዘገብበት፣ የአካባቢው ማኅበር ፈቃድ የሚጠየቅበትና ጦርነት ያለፈባቸውና ቅርስ ያለባቸው ቦታዎች በግልጽ የተከለሉበት አሠራር ቢኖር፣ ቁፋሮው በድብቅ ከሚሆን የተሻለ ነው። ይህ ደግሞ የፌዴራሉና የክልል የማዕድን ተቋማት ሥራ ነው።

ለሐኪሙና ለባንክ ባለሙያዋ የሰጠሁት መልስ የዚህ ውጤት ነው። ፈቃድና ቦታ ሳይኖር ለወርቅ የተሠራ ውድ ማሽን መግዛት ገንዘብ መቅበር ነው። የሥራው ፍቅር ካለ ግን በቅድሚያ ጉምሩክን ማስገባት ስለመፈቀዱ ጠይቆ፣ ከ300 ዶላር ያልበለጠ ቪ.ኤል.ኤፍ. ወስዶ በራስ ግቢ መለማመድ ይቻላል። ሚስማር፣ ቆርኪና የወርቅ ቀለበት በ5፣ በ10 እና በ15 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ቀብሮ የእያንዳንዱን ድምፅ መለየት ጥቂት ሳምንታት ይወስዳል። ከመቅበርዎ በፊት ቀለበቱን በክር ይሰሩት።