የመገኘት ፊርማ የስምምነት ፊርማ አይደለም



ስለ ሕዝብ ተሳትፎ ብዙ ተጽፏል፤ ብዙም ተነግሯል። እኔም ዛሬ የማነሣው ያንኑ ነው። ነገር ግን ሌላውን ከመውቀሴ በፊት ጥፋቱን ከገዛ እጄ ልጀምር።

ስሙን መጥራት በማልፈልገው በአንድ የወለጋ ከተማ፥ በአንድ ቀበሌ አዳራሽ ስብሰባ ተጠርቶ ነበር። ጉዳዩ የኮብልስቶን መንገድና የውሃ መውረጃ ቦይ ነው። በሩ ላይ ወረቀት ተዘርግቶ የገባው ሁሉ ስሙን እየጻፈ ፈረመ፤ መጻፍ የማይችለው በአውራ ጣቱ አሻራ ሰጠ። እኔም «የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነህ፥ ጽሕፈትህም ያምራል» ተብዬ ቃለ ጉባዔ እንድይዝ ታዘዝሁ፤ እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ። ሰብሳቢው የመዋጮውን ልክ ከወረቀት አንብቦ «ጥያቄ ያለው?» አለ። እንጀራ እየጋገሩ የሚሸጡ፥ በዚያ ሰፈር ለብዙ ዓመታት በኪራይ የኖሩ አንዲት እናት ተነሡና በኦሮምኛ፥ «ቦዩ ከላይ መጥቶ እኔ ደጃፍ ላይ የሚያልቅ ከሆነ፥ ክረምት ሲገባ ውሃው ወዴት ይሂድ?» ብለው ጠየቁ።

«እናቴ፥ የቤት ካርታ አለዎት?»

«የለኝም፤ ተከራይ ነኝ።»

«እንግዲያውስ ይህ የባለ ይዞታዎች ጉዳይ ነውና ይቀመጡ።»

ተቀመጡ። እኔስ ምን ጻፍሁ? «ሕዝቡ በጉዳዩ ላይ በሰፊው ከተወያየ በኋላ በአንድ ድምፅ ተስማምቷል» ብዬ ጻፍሁ። በበሩ ላይ የተሰበሰበውም ፊርማ ከሥሩ ተያያዘ፤ የእኒያም እናት አሻራ ከመካከሉ አለ። ክረምቱ ገባ፤ ውሃውም ቤታቸው ገባ።

በከተሞቻችን ተሳትፎ ይባል የነበረውና ዛሬም በብዙ ቦታ የሚባለው ይኸው ነው። ገንዘብ ሲፈለግ ነዋሪዎች ነን፤ ጉልበት ሲፈለግ ነዋሪዎች ነን፤ እንግዳ ሲመጣ በየመንገዱ ዳር ለመቆም ነዋሪዎች ነን። ምክር ለመስጠት አፋችንን ስንከፍት ግን ካርታ እንጠየቃለን። ሕዝብ እንዲያዋጣ እንጂ እንዲወስን ካልተጠራ፥ ያ ተሳትፎ አይደለም፤ ግብር ነው፤ ያውም ደረሰኝ የሌለው ግብር።

ይህ ካርታ የመጠየቅ ነገር ከየት መጣ? በንጉሡ ዘመን፥ በ1946 ዓ.ም. በወጣው ቻርተር፥ የአዲስ አበባን ማዘጋጃ ቤት ምክር ቤት ለመምረጥ የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤት መሆን ያስፈልግ ነበር። ተከራዩ ድምፅ አልነበረውም። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ባደረገ ጊዜ ቀበሌን ያቋቋመው በምን ስም ነበር? የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር ብሎ ነበር። የባለ ካርታዎች ማኅበር አላለም። ብዙ ሳይቆይ ይኸው ማኅበር የደርግ ክንድ ሆኖ የነዋሪው መታሰሪያ መሆኑ የማይረሳ ሐዘን ነው። ሆኖም ሐሳቡ ትክክል ነበር፤ ይኸውም በሰፈሩ ጉዳይ የሚመክረው በሰፈሩ የሚኖረው ነው የሚል ነው። ዛሬ ተከራይን «ይቀመጡ» የሚል ሰብሳቢ፥ ሳያውቀው ወደ 1946ቱ ሕግ ይመልሰናል።

ሕገ መንግሥቱስ ምን ይላል? አንቀጽ 43 ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ አስተያየት የመስጠት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። አንቀጽ 50 ደግሞ ሕዝቡ በቀጥታ ይሳተፍ ዘንድ ለዝቅተኛው የአስተዳደር እርከን በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ ያዛል። «ዜጎች» ይላል፤ «ሕዝቡ» ይላል። ታዲያ በተግባር ምን ሆነ? በሚያዝያ 2005 ዓ.ም. በተደረገው የአካባቢ ምርጫ ከ3.6 ሚሊዮን ገደማ መቀመጫዎች ሁሉንም ለማለት በሚያስደፍር ልክ የያዘው ገዢው ፓርቲና አጋሮቹ ነበሩ። በ2010 ሊደረግ የሚገባው የአካባቢ ምርጫ ተላለፈ። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው ቆጠራ የነቀምቴ ሕዝብ ከ75 ሺህ ጥቂት ይበልጥ ነበር፤ ተከታዩ ቆጠራም በ2010 ተላለፈ፥ በ2011 እንደ ገና ተላለፈ። ሳይቆጠር፥ ሳይመርጥ፥ ሳይጠየቅ የተስማማ ሕዝብ በየትኛው አገር ታይቷል?

«ሕዝቡ ገና አልነቃም፤ ስብሰባ ቢጠራም አይመጣም» የሚሉ አሉ፤ ከእኛም መካከል ሞልተዋል። እኔ ግን እጠይቃቸዋለሁ። ዕድር የሚያስተዳድረው ማነው? ደንብ አርቅቆ፥ ዳኛና ጸሐፊ መርጦ፥ ድንኳንና ብረት ድስት ገዝቶ፥ የቀረውን ቀጥቶ፥ ሒሳቡን እስከ ሳንቲም የሚመረምረው ያው አልነቃም የተባለው ሕዝብ አይደለምን? አማራው ደቦ የሚለውን የኦሮሞው ገበሬም ከሞላ ጎደል በዚያው ስም ይጠራዋል፤ ተባብሮ መሥራት ለማናችንም እንግዳ አይደለም። የኦሮሚያ ምክር ቤት ስሙን የወሰደበት ጨፌም ሕግ በዛፍ ጥላ ሥር ክርክር ተደርጎበት የሚወጣበት ሸንጎ ነበር። ሕዝቡ ስብሰባ የሚጠላው መነጋገር ስለማይወድ አይደለም፤ ያለቀ ነገር እንደሚነበብለት ስለሚያውቅ ነው።

ሌሎች ደግሞ «መጤው ምን አገባው?» ይላሉ። ነቀምቴ የምትኮራበት ኦኔሲሞስ ነሲብ የነቀምቴ ተወላጅ ነበርን? አልነበረም። ኢሉባቦር ተወልዶ፥ በልጅነቱ ለባርነት ተሸጦ፥ ምጽዋ ላይ ነፃ ወጥቶ፥ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መልሶ እ.ኤ.አ. በ1904 ነቀምቴ የገባ ሰው ነው። መጤ ብላ ብትዘጋበት ኖሮ ያስተማራቸው ልጆቿ በቀሩ ነበር። በመስከረም 2011 ከካማሺ በግጭት የተፈናቀሉት በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖች ወደ ምሥራቅና ወደ ምዕራብ ወለጋ ሲጎርፉ፥ የነቀምቴ ሰው እንጀራውን አካፍሏል። እንጀራ ማካፈል ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ሰው እንጀራ ስለ በላበት ብቻ የከተማው ሰው አይሆንም፤ ልጁ ስለሚማርበት ትምህርት ቤት፥ ውሃ ስለሚቀዳበት ቦኖ ሲጠየቅና መልሱ ሲጻፍለት ነው ባለቤት የሚሆነው።

በብራዚል አገር በፖርቶ አሌግሬ ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ ነዋሪው በየሰፈሩ እየተሰበሰበ ከከተማው በጀት የትኛው ሥራ እንዲቀድም ሲመርጥ ነበር። የሚጠየቀው ነዋሪነቱ እንጂ ካርታው አልነበረም። እኛ የምንጠይቀው ከዚያም ያነሰ ነው፤

፩ኛ፤ የመገኘት ፊርማና የስምምነት ፊርማ በተለያየ ወረቀት ይሁን፤ የተቃወመውም ቁጥር ይጻፍ።

፪ኛ፤ ቃለ ጉባዔ ስብሰባው ሳይበተን ሕዝቡ በሚናገረው ቋንቋ ጮክ ተብሎ ይነበብ።

፫ኛ፤ ተከራይም ተፈናቃይም በሚኖርበት ቀበሌ እኩል ይናገር።

፬ኛ፤ መዋጮው ስንት እንደ ሆነና የት እንደ ዋለ በቀበሌው በር ላይ ይለጠፍ።

ጓደኞቼ ሆይ፥ እኛስ? በነቀምቴ፥ በጊምቢ፥ በደምቢ ዶሎ፥ በሻምቡ ቤት ተከራይተን ዓመታት ስንኖር የቀበሌያችንን ቁጥር የምናውቅ ስንቶቻችን ነን? ከተማውን እንደ መኝታ ቤት ብቻ ይዘነዋል። የምንጠራውም ጽሕፈታችን ስለሚያምር ነው። እንግዲያውስ ያላየነውን ስምምነት አንጻፍ። የሚያምር ጽሕፈት ለሐሰት ከዋለ ከመሃይምነት ይብሳል።

እኔ ያን ቃለ ጉባዔ ለማስታረም ሄጄ ነበር። «ፋይሉ ተዘግቷል» ተባልሁ። ቦዩ ግን እንደ ተከፈተ ነው፤ ክረምትም በየዓመቱ ይመጣል።