አባትና ልጅ በአንድ ጠረጴዛ ላይ

በዚህ ዓምድ ባልና ሚስት ስለ ገንዘብ፣ ስለ ዘመድ፣ ስለ ልጆች አስተዳደግ እንዴት መነጋገር እንዳለባቸው ብዙ ተብሏል። ዛሬ ግን እስቲ ስለ አውሮፕላን እናውራ። አይግረማችሁ፤ የምናወራው እቤት ውስጥ በመቁረጫና በሙጫ ተሠርቶ በሪሞት ስለሚበር ትንሽ አውሮፕላን ነው።

እ.ኤ.አ. በ1878 ሚልተን ራይት የተባሉ አሜሪካዊ የዩናይትድ ብሬዝረን ቤተ ክርስቲያን ጳጳስ ለሁለት ልጆቻቸው አንድ አሻንጉሊት ይዘው ወደ ቤት ገቡ። ከቡሽ፣ ከቀርከሃና ከወረቀት የተሠራ፣ በተጠማዘዘ ላስቲክ ኃይል ወደ ላይ የሚነሣ ነበር። ዊልበር 11፣ ኦርቪል 7 ዓመታቸው ነበር። አሻንጉሊቱ ሲሰበር ልጆቹ ሌላ ግዙልን አላሉም፤ ራሳቸው እያስመሰሉ መሥራት ጀመሩ። እናታቸው ሱዛንም የሠረገላ ሠሪ ልጅ ስለነበሩ መሣሪያ መያዝ ያውቁ ነበር፤ ለልጆቻቸው መጫወቻ በእጃቸው ይሠሩ ነበር። እነዚያ ልጆች ታኅሣሥ 1903 (እ.ኤ.አ.) ለ12 ሴኮንድ በረሩ። ጳጳሱም በ1910፣ በ81 ዓመታቸው፣ ልጃቸው ኦርቪል በሚያበረው አውሮፕላን ላይ ተቀምጠው ወደ ሰማይ ወጥተዋል። (ሁለቱ ወንድማማቾች ሳያገቡ ኖረዋል፤ ይህንን ግን ባለትዳር አንባቢዎቻችን አርአያ እንዲያደርጉት አንመክርም።)

አውሮፕላንን በሬዲዮ የመምራቱ ነገርም የወንድማማቾች ሥራ አለበት። በ1937 በሚሺጋን ዋልተርና ዊልያም ጉድ የተባሉ መንትዮች በሬዲዮ ያበረሩት ሞዴል ዛሬ በስሚዝሶኒያን ብሔራዊ የአየርና የጠፈር ሙዚየም ስብስብ ውስጥ ይገኛል።

እንግዲህ ወደ ሥራው እንግባ። በአሜሪካ ያላችሁ ወገኖች በየሰፈሩ ርካሽ ሱቅ የምታገኙት፣ በሁለት ወረቀት መካከል ፎም ያለበት፣ 5 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው ሰሌዳ ለመጀመሪያ አውሮፕላን ይበቃል። ሦስት ወይም አራት ሰሌዳ፣ ስለታም መቁረጫ፣ ረጅም ማስመሪያ፣ ሙቅ ሙጫ፣ የጥብስ መሰኪያ ቀርከሃና ክንፉን ከአካሉ ጋር የሚያስር ላስቲክ ያዙ። ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 1 ሜትር፣ ወርዱ 18 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ከመሐል ወደ ሁለቱ ጫፎች ትንሽ ቀና በሉበት፤ እንዲህ ያለ ክንፍ አውሮፕላኑ ወደ ጎን ሲያዘነብል በራሱ ይመልሰዋል። ለጀማሪ ከዚህ የበለጠ ረዳት የለም።

ገንዘብ የሚወጣው በኤሌክትሪኩ ላይ ነው፦ ሞተር ከፕሮፔለሩ ጋር፣ የሞተሩን ፍጥነት የሚቆጣጠር መሣሪያ፣ ጅራቱን የሚያንቀሳቅሱ 9 ግራም ገደማ የሚመዝኑ ሁለት ሰርቮዎች፣ ሪሲቨር፣ ሪሞትና የሊትየም ፖሊመር ባትሪ። ስለዚህ ወንድሜ ሆይ፣ ካርቶኑ በር ላይ ተቀምጦ ከመታየቱ በፊት ከባለቤትህ ጋር ተማከር። ትዳር የሚጎዳው በዕቃው ዋጋ ሳይሆን ዋጋው ሲደበቅ ነው። ደግሞም የምትነግራት እውነት አለህ፤ አውሮፕላኑ ቢከሰከስ ሰሌዳው እንጂ ኤሌክትሪኩ አብዛኛውን ጊዜ አይሞትም፤ ተነቅሎ በሚቀጥለው ላይ ይገጠማል።

በውጭ አገር የሚኖሩ ብዙ አባቶች ሁለት ፈረቃ ይሠራሉ። ልጁ የሚያስበው በእንግሊዝኛ፣ አባት የሚቆጣው በአማርኛ ነው። እራት ላይ ሁለት ጥያቄ፣ ሁለት መልስ፤ ከዚያ ሁሉም ወደ ስልኩ። እዚህ ጠረጴዛ ላይ ግን ነገሩ ይለወጣል። የአሠራሩን ቪዲዮ ፈጥኖ የሚረዳው ልጁ ነው፤ ቀጥ አድርጎ መቁረጥ፣ ሙጫው እስኪይዝ ደግፎ መታገሥ የሚያውቀው አባት ነው። አንዱ ያለ ሌላው አይጨርስም። «ያዝልኝ»፣ «ቀስ በል»፣ «ጠማማ ነው» የሚሉት ቃላትም ያለ አስተማሪ ይገባሉ። አባት ከልጁ እጅ መቁረጫውን ነጥቆ «እኔ ላሳምረው» ካለ ግን ልጁ ተመልካች ይሆናል፤ በሚቀጥለው ቅዳሜም ከክፍሉ አይወጣም። ጠማማ ክንፍ ሊቃና ይችላል። ይህን ስንል ደግሞ ወንድ ልጅን ብቻ ማለታችን አይደለም፤ ሴት ልጃችሁ ቡና እያቀረበች ወንድሟ የሚሠራበት ቤት አይሁን።

ተሠርቶ ሲያልቅ መጀመሪያ ሚዛኑን ለኩ። ባትሪው ከነቦታው ሆኖ፣ ከክንፉ የፊት ጠርዝ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ኋላ በሁለት ጣት ከሥር ደግፉት፤ ሳያጋድል መቆም አለበት። ጅራቱ ከከበደ አይታዘዝም፤ ባትሪውን ወደ ፊት ግፉት። ከዚያ ፕሮፔለሩን አውልቃችሁ ሪሞቱ ወደ ቀኝ ሲባል ራደሩ ወደ ቀኝ መዞሩን አረጋግጡ። ብዙ አውሮፕላኖች በመጀመሪያው ሦስት ሴኮንድ የሚወድቁት ይህ ተገልብጦ ስለሚገኝ ነው።

የት ይበረራል? በአሜሪካ ክብደቱ ከ250 ግራም በላይ ከሆነ በፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር መመዝገብ ግዴታ ነው፤ ለሦስት ዓመት 5 ዶላር ነው። በትርፍ ጊዜ የሚያበር ሁሉ ደግሞ ትረስት የተባለውን ነፃ ፈተና መውሰድ አለበት። የተመዘገበ አውሮፕላን ሪሞት አይዲ የተባለ መለያ የሚያሰራጭ መሣሪያ ያስፈልገዋል፤ ለዚህ ተብለው በተፈቀዱ ሜዳዎች ላይ ሲበር ግን አያስፈልገውም። በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ ያላችሁ በተለይ ልብ በሉ፤ ከሬገን አውሮፕላን ማረፊያ ዙሪያ በ15 ማይል ክልል ውስጥ ያለ ልዩ ፈቃድ ማብረር ክልክል ነው፤ የሰፈሩ መናፈሻ አይሆንም። ራቅ ያለ የሞዴል አውሮፕላን ክበብ ሜዳ ፈልጉ፤ አዲስ ሰውን ቆመው የሚያስተምሩ ሽማግሌዎችም አይጠፉበትም። አገር ቤት ላላችሁ ደግሞ ለእንዲህ ያለው ነገር የመንግሥት ፈቃድ ስለሚጠየቅ፣ ያለ ሞተር በእጅ የሚወረወር የፎም አውሮፕላን ጀምሩ። የክንፍና የሚዛን ትምህርቱ አንድ ነው።

ለመጀመሪያው በረራ ነፋስ የሌለበት ማለዳ ይሻላል። አንዱ ሪሞቱን ይያዝ፣ ሌላው አውሮፕላኑን ወደ ነፋሱ አቅጣጫ፣ አፍንጫውን ሳያንጋጥጥ፣ ቀጥ አድርጎ ይወርውረው። ቶሎ ከፍ በሉ፤ ከፍታ ስሕተትን ለማረም ጊዜ ይሰጣል። የሁሉም ጀማሪ ፈተና አውሮፕላኑ ዞሮ ወደ እናንተ ሲመጣ ግራና ቀኝ መገልበጡ ነው። ያን ጊዜ ዝቅ ያለው ክንፍ በየት በኩል እንዳለ አይታችሁ የሪሞቱን ስቲክ ወደዚያው ግፉ፤ ይቃናል።

ይወድቃል፤ ይህንን አስቀድማችሁ ተነጋገሩበት። ሲወድቅ ልጁ ከስባሪው በፊት የሚያየው የአባቱን ፊት ነው። «አላልኩህም!» ከሆነ የሚሰማው፣ የሦስት ቅዳሜ ሥራ እዚያው ሜዳ ላይ ይቀራል። እናት ካለች ደግሞ ስልኳን ይዛ ትቅረጽ፤ ማታ ቪዲዮውን አብሮ ማየት ምን እንደተፈጠረ ያሳያል፣ ያሥቃልም።

ባትሪውን በእሳት አይቀልዱበትም። የሚያብጥ ካለ ተዉት፤ ማንም ሳይኖር ወይም በእንቅልፍ ሰዓት ቻርጅ አታድርጉ፤ ከሚቀጣጠል ነገር አርቃችሁ በሸክላ ወይም በሲሚንቶ ላይ አስቀምጡ። የእያንዳንዱ ሴል ኃይል ሲሞላ 4.2 ቮልት ነው፤ ከ3 በታች ከወረደ ይበላሻል። ሳትጠቀሙበት ለሳምንታት የሚቀመጥ ከሆነ 3.8 ላይ ተዉት። የተሰበረው ክንፍ በዚያው ምሽት በሙጫና በአንድ ቀርከሃ ይጠገናል። ሙጫም ክብደት አለውና ከመወርወራችሁ በፊት ሚዛኑን እንደገና ለኩ።