ዲግሪ አለህ፤ ወኪልህ ማነው?

አንድ ጥያቄ ልጠይቅህ ወንድሜ። አንቺንም እህቴ። ባሕር ዳር፣ ክልል ምክር ቤት ውስጥ አንተን ወክሎ የተቀመጠው ሰው ማነው? ስሙን ጥራ። ጉግል ሳታደርግ!

አትፈር፣ እኔም አላውቅም ነበር። አንበሳሜ በገበያ ቀን አንድ አዛውንት ጎረቤታችን አገኙኝና «ልጄ፣ አንተ የተማርክ ነህ፤ የልጆቹን የትምህርት ነገር ለማን ነው አቤት የምንለው?» አሉኝ። ዝም አልኩ። ተመርቄ ማስታወቂያ ሰሌዳ ለሰሌዳ ስዞር ሦስተኛ ዓመቴ ነው። የሥራ ማመልከቻ በቃሌ እወጣዋለሁ። ለእሳቸው ግን መልስ አጣሁ። ያን ቀን ከሥራ አጥነቴ በላይ ይሄ አሳፈረኝ።

እስኪ ሕገ መንግሥቱን እንክፈተው። አንቀጽ 50 የክልል ምክር ቤት የክልሉ ከፍተኛ የሥልጣን አካል ነው፣ ተጠሪነቱም ለክልሉ ሕዝብ ነው ይላል። ለፓርቲ አይልም። ለባለሥልጣን አይልም። የክልሉን በጀት የሚያጸድቀው ይሄ ምክር ቤት ነው። የክልሉን መንግሥት ሠራተኞች ሕግ የሚያወጣውም እሱ ነው። የመምህሩ ቅጥር፣ የተማሪው ወንበር፣ አንተ የምትጠብቀው የሥራ መደብ በዚያ በር ነው የሚያልፈው። እኛ ግን በሩን ሳናንኳኳ ሌሊቱን ሙሉ ኮሜንት ላይ ስንሰዳደብ እናድራለን።

«ሰላም በሌለበት ምን ምርጫ አለ?» ትለኝ ይሆናል። እውነትህን ነው። ከ2015 ወዲህ በክልላችን ስንት ትምህርት ቤት እንደተዘጋ፣ ስንት ሕፃን ከክፍል እንደቀረ አንተም ታውቃለህ። ግን ወኪል የሚጠየቀው በምርጫ ቀን ብቻ ነው እንዴ? አንቀጽ 12 ሕዝብ በመረጠው ተወካይ ላይ እምነት ካጣ ከቦታው ሊያነሳው ይችላል ይላል። ስሙን የማታውቀውን ሰው ግን እንዴት ትጠይቀዋለህ?

«ሥራ የለኝም፣ እኔ ምን አደርጋለሁ?» እንዳትለኝ ደግሞ። አሜሪካ፣ ሳውዝ ካሮላይና ውስጥ ጥቁሮች ለመራጭነት ለመመዝገብ ማንበብ መቻላቸውን አሳዩ ይባሉ ነበር። ሴፕቲማ ክላርክ የምትባል መምህርት ከመብት ማኅበር አልወጣም ስላለች እ.ኤ.አ. በ1956 ከሥራ ተባረረች። እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም። በዓመቱ ከጓደኞቿ ጋር ጆንስ አይላንድ በምትባል ደሴት የጎልማሶች ትምህርት ቤት ከፈተች። ፊት ለፊቱ ሱቅ፣ ትምህርቱ ጓዳ ውስጥ! የመጀመሪያዋ አስተማሪ በርኒስ ሮቢንሰን የፀጉር ሠሪ ነበረች። ገበሬው ስሙን መጻፍ፣ የግዛቱን ሕግ ማንበብ ተማረ፤ ሄዶም ተመዘገበ። ትምህርት ቤቱ በደቡቡ ግዛቶች ተዛመተ። በ1965 የወጣው የመምረጥ መብት ሕግ ያንን የማንበብ ፈተና አገደው።

እኛስ ጓዳ አጣን?

ከዛሬ ጀምር። የወኪልህን ስም አጣራ። ለሦስት ጎረቤት አስረዳ፦ 18 ዓመት የሞላው ዜጋ ይመርጣል፣ በምርጫ ክልሉ ቢያንስ ስድስት ወር መኖር አለበት፣ የሚሰጡት ወረቀቶችም ሁለት ናቸው፤ አንዱ ለፌዴራል፣ አንዱ ለክልል። እናትህ ማንበብ ካልቻለች ምልክቶቹን እንድትለይ አሳያት፤ ማንን እንደምትመርጥ ግን አትንገራት፣ እሱ የራሷ ነው። ከዚያ የሰፈርህን ትምህርት ቤት ችግር በአንድ ገጽ ጻፍ፣ ወላጆችን አስፈርም፣ ለወኪሉ ላክ። መልስ ካልሰጠ ድገም።

እኔ ለአዛውንቱ መልስ ይዤ ተመልሻለሁ። ደብዳቤውን አብረን ጽፈናል። የመጀመሪያው ፊርማ የእሳቸው አውራ ጣት ነው።

አንተስ? የወኪልህን ስም ስታገኝ ኮሜንት ላይ አስቀምጥልን።