የሌለውን ‹ስ› ስናሳድድ

ይህን ጥፋት እኔም ሠርቼዋለሁ፤ እንዲያውም ደጋግሜ።

ያደግኩት ጋምቤላ ነው። ቤተሰቦቼ ደገኞች ናቸው፣ አፌን የፈታሁት በአማርኛ። አሁን እንጀራዬ ኮድ መጻፍ ነው፤ ትርፍ ሰዓቴን የጓደኞቼን ዘፈን ሚክስ አደርጋለሁ። አምና አንድ አኙዋ ጓደኛዬ በቋንቋው የዘፈነውን ላከልኝ። እንደ ልማዴ ከዩቲዩብ የለቀምኩትን ፕሪሴት ጫንኩበት፦ ኮምፕረሰር፣ ዲኤሰር፣ ሪቨርብ። ጥርት አለልኝ ብዬ መልሼ ላክሁለት። እናቱ ሰምተው «ጥርስህን አመመህ እንዴ?» አሉት።

ዲኤሰርን ለማታውቁት፦ ዘፋኝ ‹ስ› ወይም ‹ሽ› ሲል የሚያፏጨውን፣ በኢርፎን ጆሮ የሚወጋውን ድምፅ የሚያለዝብ ሶፍትዌር ነው። ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 8 ኪሎኸርዝ ያለውን ክልል ይጠብቃል፤ እዚያ ያለው ጉልበት ከተሰጠው ልክ ሲያልፍ ዝቅ ያደርገዋል። አለቀ። እኛ ፕሮግራመሮች «ኢፍ» የምንላት ነገር ናት። ‹ስ› ምን እንደሆነ አያውቅም።

አኙዋኛም ኑዌርኛም ደግሞ በራሳቸው ቃላት ውስጥ ‹ስ› የሚባል ድምፅ የላቸውም። ‹ሽ›ም፣ ‹ዝ›ም የለም። የውጭ ቃል እንኳ ሲገባ ይለወጣል፤ በኑዌርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ክርስቶስ «ክሪቶ» ነው፣ ‹ት›ዋም ምላስ ጥርስ ነክቶ የምትባለዋ። እኔ እንግዲህ ላልነበረ ሌባ ዘበኛ ቀጥሬ ነበር። ዘበኛውም ሌባ ሲያጣ የቤቱን ሰው ደበደበ።

የቤቱ ሰው ማነው? ሁለቱም ቋንቋዎች ‹ት›ን ለሁለት ይከፍሏታል፦ ምላስ ጥርስ ላይ ሲያርፍ አንድ፣ ድድ ላይ ሲያርፍ ሌላ። ‹ድ›ም እንደዚሁ። ለኔ ጆሮ ያው ናቸው፤ ለባለቤቶቹ ግን ቃል ይቀይራሉ። ሁለቱን ‹ት› ከሚለዩት ነገሮች አንዱ ምላስ ሲላቀቅ የምትፈነዳው፣ ከዐይን ጥቅሻ ያጠረች ድምፅ ናት፤ ጉልበቷ ደግሞ ዲኤሰሩ የሚጠብቀው ክልል ድረስ ይደርሳል። ኑዌርኛ በዚህ ላይ ትንፋሽ ያለበትን አናባቢ ከሌለበት ይለያል። ይህን ሁሉ «ጫጫታ» ብለን እናለዝበዋለን።

«‹ስ› ከሌለ ዲኤሰሩ ዝም ብሎ ይቀመጣል፣ ምን ይጎዳል?» የሚሉኝ አሉ። አይቀመጥም ወዳጄ! ርካሽ ኮንደንሰር ማይክ ላይኛውን ፍሪኩዌንሲ ያጋንናል፣ የቆርቆሮ ጣራው ይመልሰዋል፣ ኮምፕረሰሩ ይጨምርበታል። ከዚያ ልኩን ያለፈች ሁሉ ለሱ ‹ስ› ናት።

አማርኛችን የተገላቢጦሽ ነው። ስ፣ ሽ፣ ዝ፣ ዥ፣ ጽ፣ ች፣ ጅ፣ ጭ፤ ስምንት አፏጪ ድምፆች፣ እንግሊዝኛ ስድስት አለው። እዚህ ዲኤሰር ያስፈልጋል፣ አልክድም። እሱም ቢሆን ‹ሽ› ከ‹ስ› ዝቅ ብላ 3 ኪሎኸርዝ አካባቢ ስለምትጀምር፣ 7 ላይ የተተከለ ፕሪሴት ታችኛው ግማሿን ያመልጠዋል። ሲበዛ ደግሞ «ሰላም» የሚለው ዘፋኝ ጥርሱ የወለቀ ይመስላል።

ግን አንድ የአማርኛ ዘፈን ቢበላሽ ሌላ ሺህ አለ። በአኙዋኛ እንደዚያ አይደለም። ሚኒሶታ የተወለደ የአኙዋ ልጅ ያቺን ‹ት› የሚሰማው ምናልባት ከዚህ ፋይል ብቻ ነው። እኛ አደብዝዘን ከሰጠነው ደብዛዛዋን ነው የሚማረው፤ ደብዛዛ መሆኗንም አያውቅም። «ፕሮፌሽናል ይምሰል» ብለን ነው ይህን የምናደርገው። የማንን ፕሮፌሽናል?

እኔ አሁን ዲኤሰሩን ከፕሪሴቴ አውጥቼዋለሁ። የሚወጋ ነገር ካለ መጀመሪያ ማይኩን ከአፍ ትይዩ ትንሽ ዘወር ማድረግ፣ ካልሆነ ያቺን አንድ ቦታ ፈልጎ በእጅ መቀነስ። ጊዜ ይወስዳል፣ አውቃለሁ። ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው አጠገቤ ሳይቀመጥም አልጨርስም።

የጓደኛዬን ዘፈን እንደገና ሠርቼ ላክሁለት። እናቱ ሦስተኛው ስንኝ ላይ ሲደርሱ ሳቁ። ለካ ቀልድ ነበረበት። ምንድነው ብዬ ብጠይቀው ሊተረጉምልኝ ሞከረ፣ አልሆነለትም።